የመስቀያው ሽቦ

ኤላት፥ ከሆቴሉ ሥር፥ ከምድር ቤቱ ወለል፣
ባሕሩ ከማይታይበት፥ ማሽን ከሚያጓራበት ክፍል፣
አንሶላ እንደ ጉም ተቆልሎ ሲመጣ፣
የማናውቀውን ሰው ላብ አጥበን ስናወጣ፣
አራት ነን።

ፍሬሃ አለቃችን፥ ወገቧን በሻሽ ያሰረች፣
ከማራኬሽ እናቷ ዓረብኛን የወረሰች፤
ሙንዚር የአቃባው፥ በየማለዳው ኬላ የሚሻገር፣
«ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለስ» የሚል ወረቀት ከደረቱ የማይቀር፤
ምሕረትአብ የሰንዓፌው፥ ቃል እንደ ውኃ የሚቆጥብ፣
ጠርዝ ከጠርዝ ሲያገጥም፥ ወሰን እንደሚያካልል ሰው የሚያስብ።
አራተኛው እኔ ነኝ፤ የአምቦበር ልጅ።
የኔን ኋላ ላውጋው እንጂ።

ሬዲዮው የሙንዚር ነው፤ አንቴናው ተሰብሮ
የልብስ መስቀያ ሽቦ ሰካንበት፥ በላስቲክ ታስሮ።
ወደ ምሥራቅ ሲያጋድል አቃባ ያወራል፣
ወደ ምዕራብ ሲያጋድል ኤላት ይናገራል፤
በዚያች ቆልማማ ሽቦ ስንት ቀን ተኳረፍን!
እሱም ሲያዞር፥ እኔም ሳዞር፥ የየራሳችንን ዜና ሰምተን
ይብሱን ተቃቃርን።

አንድ ሐሙስ ግን ማድረቂያው ሲንቀጠቀጥ፣ ሲንቀጠቀጥ፣
ሽቦው ከመሐል ቆመ፥ ሳያጋድል፥ ሳይመርጥ።
ሁለት ዘፈን ባንዴ ገባ፣
አንደኛው ስለ ዓይን፥ አንደኛው ስለ አበባ፤
ምቱ ግን አንድ! የከበሮው እጅ አንድ እጅ፣
የተለያየ ቤት ያደገ የአንድ እናት ልጅ።
ፍሬሃ አጨበጨበች፦ «እናቴ ፀጉሬን ስትጎነጉን
ትለው ነበር ይህን!»
ሙንዚር ሳቀ፦ «እኛም ሠርግ ላይ እንለዋለን፥ ቃሉ ይለያል እንጂ፤
ቃልን ኬላ ላይ ይፈትሹታል፤ ዜማን ማን ፈትሾ ያውቃል ወዳጄ?»

ምሕረትአብ ዝም አለ።
ቆየና፥ በዚያው ምት ላይ፥ በፉጨት ሌላ ዜማ ጣለ።
ፎጣው ከእጄ ወደቀ።
ያን ፉጨት አውቀዋለሁ፤ ሃያ ምናምን ዓመት ከጆሮዬ ውስጥ የተደበቀ።

ዛላንበሳ። ምሽግ። ጨረቃ የሌለው ሌሊት።
ከወዲያኛው ጉድጓድ ካሴት ተከፈተ ድንገት፣
ባትሪው የደከመ፥ ድምፁ የሚጎተት፤
በትግርኛ፥ በክራር፥ ስለ አንዲት ልጅ ጥርስ ንጣት።
ከጎኔ የነበረው ላቀው፥ ትከሻው አላስችል ብሎት፣
ክላሹን እንዳቀፈ እስክስታ ወረደ፥ ቁጭ ባለበት።
ከዚያ ባትሪው አለቀ።
«ድገሙት!» ብሎ ከኛ አንዱ ጨለማውን ሰነጠቀ።
«ባትሪ ጨርሰናል! እናንተ ላኩልን!»
ሳቁ። እኛም ሳቅን።
ሲነጋ መድፉ ቀደመ።
ላቀው ከዚያ ጉድጓድ ዳግመኛ አልቆመ።

«ካሴቱ የማን ነበር?» አልኩት፥ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።
አንሶላውን በአራት አጥፎ ሲያበቃ፦ «የኔ።
ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን በብብቴ አቅፌ
ሳሞቅ አደርኩ፥ ለማግስቱ ማታ ትንሽ ነፍስ ይዝራ ብዬ።»

ዘፈን ጦር ያስቆማል አልልም፤ አላስቆመም፥ አይቻለሁ።
ግን የማዶው ሰው የልጅት ጥርስ ሲያደንቅ ከሰማሁ በኋላ
እንደ በፊቱ አልሜ መተኮስ አቅቶኝ ነበር፤ ይህን እመሰክራለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሙንዚር አውቶቡስ ጥሩንባ ይነፋል፣
«ሽቦዋን እንዳትነኩ!» ብሎን፥ ወረቀቱን ዳብሶ ይጠፋል።
ማታ ባሕሩ ዳር ስወጣ፥ ከማዶ፥ ከመብራቱ መሐል፣
የሠርግ ከበሮ ውኃውን እየረገጠ ይመጣል፤
የጥበቃው ጀልባ ብርሃኑን ይወረውራል፤ የሚይዘው አያገኝም፣
ከበሮ ጥላ የለውም።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ባትሪ ገዛሁ።
ሬዲዮው በመብራት ነው የሚሠራው፤ አውቃለሁ።
መደርደሪያው ላይ፥ ከሳሙናው ጎን አኖርኩት።
ምሕረትአብ አየው። አየኝ።
ፉጨቱን ካቆመበት
ቀጠለው፥ አሁን ግን ድምፁ ሳይጎተት።